ለዎርክስቴሽን የሚሆን ቴፕ ድራይቭ፦ በትንሽ ገንዘብ የትኛው ይገዛ?

ቴፕ ድራይቭ፣ ማለትም መረጃን በቴፕ ካሴት ላይ የሚጽፍና የሚያነብ መሣሪያ፣ ለመግዛት የተነሳ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ዋጋው ላይ ነው። ስህተቱም ብዙ ጊዜ ከዚያው ይጀምራል። በርካሽ የተገኘው አሮጌ ድራይቭ የሚሰካበት ካርድ ገበያ ላይ የለም፤ ካርዱ ቢገኝ ኬብሉ ይጠፋል፤ ኬብሉ ሲመጣ ደግሞ ካሴቱ መመረት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ዋጋ የሚወዳደረው ሁሉም ነገር ተደምሮ ነው፦ ድራይቩ፣ ካርዱ፣ ኬብሉ፣ ቢያንስ ስድስት ካሴት፣ አንድ የማጽጃ ካሴት። በዚያ ላይ ድራይቩ አንድ ቀን ሲሞት ካሴቶቹን የሚያነብ ሌላ ድራይቭ ይገኛል ወይ የሚለው ጥያቄ አለ።

እዚህ የምናየው የአንድ ዎርክስቴሽን፣ ማለትም አንድ ሰው ከባድ ሥራ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ ጉዳይ ነው። ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ፎቶ ቤት ያለው፣ የብራና መጻሕፍት ስካን የሚያከማች፣ የሕንፃ ዲዛይን ወይም የምርምር መረጃ የሚያጠራቅም ሰው፣ ከጥቂት ቴራባይት እስከ 40 ቴራባይት ድረስ። ለቸኮለ አንባቢ መልሱን አስቀድመን እንስጥ፦ ለአብዛኛው እንዲህ ላለ ሰው የሚያዋጣው ያገለገለ ግን የተፈተነ፣ በሳስ (ድራይቩን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኝ የመሰኪያ ዓይነት) የሚሰካ፣ ግማሽ ቁመት ያለው ኤልቲኦ-6 ነው፤ ኤልቲኦ የቴፑ መለኪያ ስም ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ ትውልዱ። መረጃው ከ10 ቴራባይት በታች ሆኖ ኪስም ከጠበበ ኤልቲኦ-5 ይበቃል። ከዚህ የሚወጡ ሁኔታዎች አሉ፤ እነሱን በየቦታቸው እናነሳለን።

ቴፕ ያዋጣችኋል ወይ?

መረጃችሁ ከ4 ቴራባይት በታች ከሆነ ቴፕ አትግዙ። ሁለት ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ገዝታችሁ አንዱን ቤት፣ ሌላውን ቢሮ አስቀምጡ፤ በየወሩ አቀያይሯቸው። በዚህ መጠን የትኛውም ቴፕ ድራይቭ ወጪውን አይመልስም።

ከዚያ በላይ ላለው ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል። ለድራይቭ፣ ለካርድ፣ ለኬብልና ለማጽጃ በድምሩ 450 ዶላር ወጣ እንበል። የቴፑ ካሴት በቴራባይት ከሃርድ ዲስክ በ10 ዶላር ቢረክስ፣ ወጪው የሚመለሰው 45 ቴራባይት ከተጻፈ በኋላ ነው። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፋይል በሁለት ካሴት መቀመጥ ስላለበት በትክክል የሚያስፈልገው 22 ወይም 23 ቴራባይት መረጃ ነው። አንድ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ስቱዲዮ እዚያ ለመድረስ ብዙ ዓመት አይፈጅበትም። በምሳሌው ያሉትን ቁጥሮች በምትገዙበት ቀን ዋጋ ተክታችሁ አስሉት፤ አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ከዋጋ ሌላ ቴፕ ሃርድ ዲስክ የሌለው አንድ ነገር አለው። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ካሴት ከየትኛውም ኮምፒውተር ጋር አልተያያዘም። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ አይደርስበትም፤ በስህተት የተሰጠ የማጥፊያ ትእዛዝም አይነካውም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ጉግል በሶፍትዌር ስህተት ምክንያት የአንዳንድ ደንበኞች የጂሜይል ደብዳቤዎች ሲጠፉበት መልሶ ያገኛቸው ከቴፕ ነበር። በብዙ የመረጃ ማዕከል የተባዙት ቅጂዎች ሁሉ በዚያው ስህተት ተነክተው ነበር፤ ከኔትወርክ ውጭ የነበረው ቴፕ ግን ተረፈ።

ትውልዶቹ

ከኤልቲኦ ውጭ ያለውን ሁሉ ተዉት። ዳት፣ ዲኤልቲ፣ ኤአይቲ፣ ትራቫን የሚባሉት ድራይቮች አሁንም ለሽያጭ ይወጣሉ፣ ዋጋቸውም ያጓጓል። በተለይ በዩኤስቢ የሚሰካው ዳት 160 ካርድ ስለማይፈልግ ብዙ ሰው ያታልላል። ነገር ግን ካሴቱ በትክክል የሚይዘው 80 ጊጋባይት ነው፤ ዳት 72 ደግሞ 36 ጊጋባይት ብቻ። ዛሬ አንድ የስልክ ሚሞሪ ካርድ ከዚያ በላይ ይይዛል። ከእነዚህ አንዱን የሚገዛ ሰው ምክንያቱ አንድ ብቻ መሆን አለበት፦ በእጁ ያሉ አሮጌ ካሴቶችን ለማንበብ።

ኤልቲኦ ግን ብዙ አምራቾች የተስማሙበት መለኪያ ስለሆነ አንዱ ኩባንያ የሠራውን ካሴት የሌላው ድራይቭ ያነበዋል። ካሴት የሚይዘው መጠንና ድራይቩ በሰከንድ የሚጽፈው እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፦

ኤልቲኦ-4 (2007)፦ 800 ጊጋባይት፣ እስከ 120 ሜጋባይት በሰከንድ
ኤልቲኦ-5 (2010)፦ 1.5 ቴራባይት፣ 140 ሜጋባይት
ኤልቲኦ-6 (2012)፦ 2.5 ቴራባይት፣ 160 ሜጋባይት
ኤልቲኦ-7 (2015)፦ 6 ቴራባይት፣ 300 ሜጋባይት
ኤልቲኦ-8 (2017)፦ 12 ቴራባይት፣ በግማሽ ቁመት ድራይቭ 300 ሜጋባይት
ኤልቲኦ-9 (2021)፦ 18 ቴራባይት፣ በግማሽ ቁመት ድራይቭ 300 ሜጋባይት

ካሴቱ ላይ የምታዩት ቁጥር ግን ከዚህ ይበልጣል። የኤልቲኦ-5 ካሴት "3 ቴራባይት"፣ የኤልቲኦ-6 ደግሞ "6.25 ቴራባይት" ተብሎ ይጻፍበታል። ይህ ፋይሉ ታምቆ ሲጻፍ ይሆናል ተብሎ የተገመተ ነው። ቪዲዮ፣ የካሜራ ፎቶና የድምፅ ፋይል አስቀድመው የታመቁ ስለሆኑ ድራይቩ ከዚያ በላይ ሊያጠብባቸው አይችልም። ሻጭ "ስድስት ቴራባይት ይይዛል" ሲላችሁ ኤልቲኦ-6 ነው ወይስ ኤልቲኦ-7 ብላችሁ ጠይቁ፤ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው።

ኤልቲኦ-4ን በነፃ ካላገኛችሁት እለፉት። ካሴቱን እንደ ፍላሽ ዲስክ ከፍቶ ፋይል መጎተት የሚያስችለው ኤልቲኤፍኤስ የሚባለው አሠራር የጀመረው ከኤልቲኦ-5 ነው። አራተኛው ትውልድ ካሴቱን ለሁለት መክፈል ስለማይችል ይህ አይሠራለትም። ለጀማሪ ይህ አንዱ ልዩነት ብቻውን የዋጋ ልዩነቱን ይገባዋል።

ኤልቲኦ-5 ጥሩ ሠራተኛ ነው። አንድ ካሴት በሙሉ ፍጥነት ሲጻፍ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከሰዓት ጀምራችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ይደርሳል። ችግሩ የካሴት ብዛት ነው። 20 ቴራባይት በሁለት ቅጂ ማለት 28 ካሴት ነው፤ በኤልቲኦ-6 ደግሞ 16። እያንዳንዱን ካሴት መግዛት፣ መሰየም፣ ማውጣትና ማስገባት፣ መመዝገብ አለ። ኤልቲኦ-6ን የምንመርጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ካሴት በአራት ሰዓት ከሃያ ይሞላል፣ ለአንድ የሥራ ቀን ይመቻል።

ኤልቲኦ-7 በወረቀት ላይ ሲታይ የተሻለ ይመስላል፤ ለብዙ ዎርክስቴሽን ግን ፍጥነቱ ራሱ ችግር ይሆናል። ስለዚያ ከታች በሰፊው እንመለሳለን። ፈጣን ኤስኤስዲ ካላችሁና የተፈተነ ድራይቭ በተመጣጣኝ ዋጋ ካገኛችሁ ግን ከመግዛት አትመለሱ።

ኤልቲኦ-8 እና ኤልቲኦ-9 አዲስ ከዋስትና ጋር የሚገዙ ናቸው። ድራይቩ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሆነ ከአንድ ሰው አቅም ይልቅ ለመሥሪያ ቤት ይስማማሉ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ኤልቲኦ-9 አዲስ ካሴት መጀመሪያ ሲገባበት ራሱን ከካሴቱ ጋር ያስተካክላል፤ ይህም በአማካይ 40 ደቂቃ፣ አንዳንዴ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ተበላሽቷል ብላችሁ መሃል ላይ አታጥፉት። ሁለተኛው የካሴት አቅርቦት ነው፤ የኤልቲኦ ካሴት የሚያመርቱት ፉጂፊልምና ሶኒ ናቸው፤ በ2019 በሁለቱ መካከል የነበረው የፓተንት ክርክር የኤልቲኦ-8 ካሴትን ከገበያ አጥፍቶት ነበር።

የማንበብ ደንቡን ከመግዛታችሁ በፊት በቃላችሁ ያዙት። እስከ ኤልቲኦ-7 ድረስ አንድ ድራይቭ የራሱንና ከእሱ በፊት ያለውን አንድ ትውልድ ይጽፋል፤ ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ያነባል። ኤልቲኦ-6 ድራይቭ የኤልቲኦ-4 ካሴት ያነባል ግን አይጽፍበትም። ከኤልቲኦ-8 ጀምሮ ይህ ተቀየረ፦ ኤልቲኦ-8 ከ7 ወደ ኋላ አይሄድም፣ ኤልቲኦ-9 ከ8 ወደ ኋላ አይሄድም።

በምን ይሰካል?

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ያገለገለ ኤልቲኦ-5 ወይም ኤልቲኦ-6 ስታገኙ መሰኪያው ሳስ ወይም ፋይበር ቻነል ነው። ፋይበር ቻነሉ ሁልጊዜ ይረክሳል፤ ሰው የማይፈልገው ስለሆነ ነው። የራሱ ካርድና የኦፕቲካል ኬብል ያስፈልገዋል፤ ድራይቩም ቀድሞ የነበረው ከስዊች ጋር ከሆነ በቀጥታ ከኮምፒውተር ጋር እንዲነጋገር ማስተካከል ይጠይቃል። በዚህ ሥራ ልምድ ከሌላችሁ ሳስን ያዙ። የኤልቲኦ-4ና ከዚያ በፊት ያሉ አንዳንድ ድራይቮች ደግሞ ባለ 68 ፒን ስካዚ ናቸው፤ ካርዱም፣ የመስመር መዝጊያውም፣ ወፍራሙ ኬብልም ለየብቻ ይፈለጋሉ። አትንኩት።

የሳስ ድራይቭ በሁለት መልክ ይመጣል። የራሱ ሳጥንና ፓወር ሰፕላይ ያለው የውጭ ድራይቭ ከኋላው ኤስኤፍኤፍ-8088 የሚባል መሰኪያ አለው። ለእሱ የሚሆነው ካርድ የውጭ መውጫ ያለው ነው፤ ኤልኤስአይ 9200-8ኢ ወይም 9207-8ኢ ያገለገለ በብዛት ይገኛል፤ በሁለቱ ጫፍ 8088 የሆነ የአንድ ወይም የሁለት ሜትር ኬብል ይጨመርበታል። አዲሶቹ ድራይቮች ኤስኤፍኤፍ-8644 የሚባለውን ትንሹን መሰኪያ ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ ኬብል ከማዘዛችሁ በፊት የድራይቩን ጀርባ ፎቶ ጠይቁ።

የውስጡ ድራይቭ ይረክሳል። ኬሳችሁ የድሮው ሲዲ ማጫወቻ የሚገባበት ባለ 5.25 ኢንች ቦታ ካለው ይገባል፤ ግማሽ ቁመት የተባለው አንዱን ቦታ፣ ሙሉ ቁመት ሁለቱን ይይዛል። ካርዱ ኤልኤስአይ 9211-8አይ ወይም መሰሉ ይሆናል፤ ኬብሉ በአንድ በኩል ኤስኤፍኤፍ-8087፣ በሌላ በኩል ፓወርም የሚያገኝ ኤስኤፍኤፍ-8482 ነው። የድራይቩ መሰኪያ የሳታ ሃርድ ዲስክ ስለሚመስል ብዙ ሰው የእናት ቦርዱን የሳታ ኬብል ሊሰካበት ይሞክራል። ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ በሳታ ላይ በዳታውና በፓወሩ መካከል ክፍተት አለ፤ በሳስ ላይ ያ ክፍተት በፕላስቲክ ተሞልቷል። የተሞላው ሆን ተብሎ ነው፤ የሳታ መሰኪያ ሳስን ማነጋገር አይችልም። ሳታን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይሩት ርካሽ አስማሚዎችም እንደዚሁ አይሠሩም።

ካርዱን በተመለከተ ሻጩን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ፈርምዌሩ (ካርዱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም) አይቲ ሞድ፣ ማለትም ድራይቩን በቀጥታ ለኮምፒውተሩ የሚያሳይ፣ ነው ወይ? ካርዱ ሬድ እንዲሠራ፣ ማለትም ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ እንዲያሠራ፣ የተዘጋጀ ከሆነ ሃርድ ዲስክ እንጂ ቴፕ ላያይ ይችላል። ድራይቩ ጤነኛ ሆኖ ኮምፒውተሩ ሳያየው ሲቀር ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የካርዱ ነው። ካርዱ ደግሞ ሰርቨር ውስጥ ብዙ ንፋስ እንዲያገኝ የተሠራ ስለሆነ በተራ ኬስ ውስጥ በጣም ይሞቃል። የ40 ሚሊሜትር ትንሽ ፋን በላዩ ላይ ማሰር ይበቃዋል።

አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ሽያጭ ላይ ከሚወጡት ርካሽ ድራይቮች ብዙዎቹ ካሴት በሮቦት ከሚቀያይሩ ትላልቅ ላይብረሪዎች የተፈቱ ናቸው። የፊት ሽፋን የላቸውም፣ ማስወጫ ቁልፉም ተደብቆ ይሆናል፣ ፋናቸውም ላይብረሪው ውስጥ ቀርቷል። ከእነሱ አንዳንዱ፣ በተለይ ሙሉ ቁመት ያላቸው የአይቢኤም ድራይቮች፣ ከላይብረሪው ትእዛዝ እስኪያገኙ ኮምፒውተር ላይ አይታዩም። ሻጩ "ለብቻው ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ተፈትኗል" ብሎ ካልጻፈ ርካሽነቱ አያታልላችሁ።

ፍጥነት ሲበዛ

ቴፕ እንደ ሃርድ ዲስክ ቆም ብሎ አይጠብቅም። ሲጽፍ በሰከንድ በርካታ ሜትር እየሮጠ ነው። ከኮምፒውተሩ የሚመጣው መረጃ ሲቋረጥ ድራይቩ መቆም፣ ወደ ኋላ መጠቅለል፣ የጻፈበትን ቦታ መፈለግና እንደገና መነሳት አለበት። ይህ በየሁለት ሰከንዱ ሲደጋገም ካሴቱ ይጎዳል፣ ሄዱ (ቴፑን የሚያነበውና የሚጽፍበት ክፍል) ያልቃል፣ ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ሥራ አሥር ሰዓት ይሆናል። በጆሮ ይለያል። ጤነኛ ሲሠራ አንድ ዓይነት የማያቋርጥ እዝዝታ ነው፤ ሲቸገር ግን ዝም፣ ዝርር፣ ዝም፣ ዝርር እያለ ይሄዳል።

ድራይቮቹ ለዚህ ፍጥነታቸውን ዝቅ ማድረግ ይችላሉ፤ ግን ወለል አላቸው። ለኤልቲኦ-5ና ለኤልቲኦ-6 ወለሉ በሰከንድ ከ40 እስከ 55 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ ለኤልቲኦ-7 ወደ 100 ሜጋባይት ይጠጋል። ቀደም ሲል ስለ ኤልቲኦ-7 ያስጠነቀቅነው ለዚህ ነው። አንድ ሃርድ ዲስክ ትልቅ የቪዲዮ ፋይል ሲያነብ 150 ሜጋባይት ይደርስ ይሆናል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፎቶዎችን ሲያነብ ግን ከ30 በታች ይወርዳል። በጊጋቢት ኔትወርክ የሚመጣ መረጃም ቢበዛ 110 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከትናንሾቹ ፎቶዎች በቀር ኤልቲኦ-6 በዚህ ይተነፍሳል፤ ኤልቲኦ-7 ግን ይደነቃቀፋል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። የሚጻፈውን መጀመሪያ ወደ ኤስኤስዲ ገልብጡ። ትናንሽ ፋይሎችን ለየብቻ ከመላክ ታር በሚባለው ፕሮግራም በአንድ ፋይል አጭቋቸው። በሊኑክስ የምትሠሩ ከሆነ በታርና በቴፑ መካከል ኤምባፈር የሚባለውን ፕሮግራም አስገብታችሁ ሁለት ወይም አራት ጊጋባይት ራም ስጡት፤ እስኪሞላ ጠብቆ እንዲጀምርም እዘዙት። የታርን የብሎክ መጠንም ቀይሩ፤ ሳይነኩት የሚጽፈው በ10 ኪሎባይት እየቆረጠ ነው። የብሎክ ቁጥሩን 512 ብታደርጉት 256 ኪሎባይት ይሆናል፤ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። የተጠቀማችሁትን ቁጥር ካሴቱ ሽፋን ላይ ጻፉት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ያመሰግናችኋል።

ያገለገለ ድራይቭ ሲፈተን

ሻጩ ዘንድ መሄድ ከተቻለ ላፕቶፕ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ አዲስ ካሴት ይዛችሁ ሂዱ። አሮጌ ካሴት ስህተት ከሰጠ ስህተቱ የካሴቱ ይሁን የድራይቩ አታውቁም።

ኮምፒውተሩ ድራይቩን ሲያገኝ ማንነቱን ያሳያል፤ ለምሳሌ "ኤችፒ ኡልትሪየም 6" ወይም "አይቢኤም ኡልትሪየም ኤችኤች6" ይላል። ፊቱ ላይ የተለጠፈው የሌላ ኩባንያ ስም ሊሆን ይችላል፤ የውስጡ ሰሪ ግን እዚያ ይታያል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው መፈተኛው በሰሪው ስለሚለያይ ነው። ለኤችፒ ላይብረሪ ኤንድ ቴፕ ቱልስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ለአይቢኤም አይቲዲቲ። ሁለቱም ድራይቩ እስካሁን ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ካሴት እንደገባበትና የስህተት ቁጥሩን ያወጣሉ። ሰዓቱ ብዙ ቢሆንም ስህተቱ ጥቂት የሆነውን ድራይቭ ሰዓቱ ትንሽ ሆኖ ስህተቱ ከበዛው አስበልጡ።

የአይቢኤም ድራይቮች ፊታቸው ላይ አንድ ፊደል ወይም አኃዝ የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለች። 1 የማቀዝቀዝ ችግር፣ 2 የፓወር፣ 5 የድራይቩ የራሱ ብልሽት ነው። 6 ማለት የድራይቩ ወይም የካሴቱ ስህተት፣ 7 የካሴቱ ነው። የላቲኑ ሲ ከታየ ጽዳት እየጠየቀ ነው፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ስለዚህ ዋጋ መቀነሻ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት እንጂ አትሽሹ። 5 ካያችሁ ግን ዕቃውን አስቀምጣችሁ ውጡ።

ከዚያ ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር ሙሉውን ጻፉበት፣ ሙሉውን መልሳችሁ አንብቡት። አምስት ደቂቃ ጽፎ "ይሠራል" ማለት ፈተና አይደለም። የኤልቲኦ-6 ቴፕ 846 ሜትር ርዝመት አለው፣ ድራይቩም እየተመላለሰ ነው የሚጽፈው፤ ያረጀ ሄድ መጀመሪያው ላይ ደህና ሆኖ ሲሞቅ ይወድቃል። ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ሻጩ ካልፈቀደ ቢያንስ የሰባት ቀን መመለሻ ተስማሙ።

ያገለገለ ካሴትም በጥንቃቄ ይገዛል። በጎኑ ያለችውን ትንሽ ተንሸራታች በር በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ ክፈቷት። ውስጥ አንዲት የብረት ዘንግ አለች፤ ድራይቩ ቴፑን ይዞ የሚጎትተው በእሷ ነው። ከላይና ከታች በማቀፊያዋ ቀጥ ብላ መቀመጥ አለባት። ካሴቱ ወድቆ ከነበረ ዘንጓ ትዘማለች፤ እንዲህ ያለው ካሴት ድራይቩ ውስጥ ተይዞ ይቀራል፣ አንዳንዴም የድራይቩን መጎተቻ ይሰብራል። በማግኔት ተጠርጎ የተሸጠ ካሴት ደግሞ ፈጽሞ አይሠራም፤ ኤልቲኦ ፋብሪካ ውስጥ የተጻፈበት መምሪያ መስመር አለው፣ ያ ከጠፋ የሚመልሰው የለም። "ዎርም" የሚል የተጻፈበትም አንዴ ብቻ የሚጻፍ ስለሆነ ለእናንተ አይሆንም።

ሶፍትዌር

ዊንዶውስ ከቪስታና ከሰርቨር 2008 ወዲህ በራሱ የባክአፕ ፕሮግራም ወደ ቴፕ መጻፍ አቁሟል፤ ማክም ከራሱ ጋር የሚመጣ የቴፕ ፕሮግራም የለውም። ሊኑክስ ግን ታርና ኤምቲ የሚባሉት ሁለት ትእዛዞች ብቻ ይበቁታል። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አስለቅሷል። ድራይቩ በሁለት ስም ይታያል፦ ኤስቲ0 እና ኤንኤስቲ0። በመጀመሪያው ከጻፋችሁ ሥራው ሲያልቅ ቴፑ ራሱ ወደ መጀመሪያው ይጠቀለላል፤ ቀጥሎ የምትጽፉት የትናንቱን ይደመስሳል። ሁልጊዜ "ኤን" ያለበትን ተጠቀሙ።

ኤልቲኤፍኤስ ለሁሉም ይቀላል፤ የአይቢኤምም የኤችፒም ሥሪት አለው። ድክመቱን ግን እወቁ። ፋይል ብታጠፉ ቦታው አይመለስም፤ ቦታ የሚገኘው ካሴቱ በሙሉ ሲጠረግ ነው። የፋይሎቹ ዝርዝርም ካሴቱን በሥርዓት ሳታወጡ መብራት ከጠፋ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ በማረሚያ ትእዛዙ መጠገን ያስፈልጋል። ከኤልቲኦ-4 ጀምሮ ድራይቮቹ ራሳቸው መረጃውን መቆለፍ ይችላሉ፤ ቁልፉን በወረቀት ጽፋችሁ ካሴቱ ከሌለበት ቦታ አስቀምጡ፤ ቁልፉ ከጠፋ መረጃውም ጠፋ።

አገር ቤት ለሚሠራ

ድራይቩ ከውጭ ሲመጣ፣ በዘመድ ሻንጣም ይሁን በዕቃ ጫኚ፣ ውስጡ ካሴት እንዳይኖር አስቀድመው ያውጡት። የአየር ማረፊያ ኤክስሬይ ካሴትን አይጎዳም፤ የሚጎዳው መውደቅና ማግኔት ነው። የውጭ ድራይቭ ከሆነ ፓወሩ ላይ "ከ100 እስከ 240 ቮልት" መጻፉን አረጋግጡ።

የመብራት መቆራረጥ ስላለ ያለ ዩፒኤስ አትሥሩ። ድራይቩ ራሱ 30 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው፤ የሚከብደው ኮምፒውተሩ ነው። ዩፒኤሱ የተጀመረውን ካሴት እስከ መጨረሻው ባያደርስ እንኳ ሥራውን አቁሞ ካሴቱን በሥርዓት ለማውጣት የሚበቃ አሥር ደቂቃ መስጠት አለበት። አቧራ ደግሞ ዋናው ጠላት ነው፤ ድራይቩ አየር የሚስበው ከፊቱ፣ ማለትም ካሴት ከሚገባበት በር በኩል ስለሆነ ከወለል ከፍ አድርጉት፤ ክፍሉ ሲጠረግ አጥፉት። ማጽጃውን ካሴት ግን በየሳምንቱ አታስገቡ፤ ሄዱን ይፍቀዋል። ድራይቩ ሲጠይቅ ብቻ አስገቡ፤ አንዱ ማጽጃ ቢበዛ እስከ 50 ጊዜ ይሠራል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ድራይቮቹ በተለምዶ እስከ 3,048 ሜትር ይሠራሉ፣ ነገር ግን ስስ አየር እምብዛም አያቀዘቅዝምና የውስጡ ድራይቭ ፊት ለፊት የሚነፍስ ፋን ይፈልጋል። ቆላ ላሉ፣ እንደ ድሬዳዋ ላለ ቦታ፣ የሚያሳስበው የካሴት ማስቀመጫው ነው፤ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ካሴት ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ባለ፣ እርጥበቱ ከ50 በመቶ በማይበልጥ ክፍል ይቀመጥ። በቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ሥር መደርደሪያ ላይ አይሆንም።

ድራይቩ ሲሞት

ካሴቱ በደንብ ከተያዘ አምራቾች 30 ዓመት ይሉታል። ድራይቩ ግን ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ ዛሬ የምትመርጡት ትውልድ ነገ በምን እንደሚነበብ ቁጠሩ። የኤልቲኦ-5 ካሴት በኤልቲኦ-5፣ 6 እና 7 ድራይቭ ይነበባል። የኤልቲኦ-6 ካሴት በ6 እና በ7 ብቻ። የኤልቲኦ-7 ካሴት በ7 እና በ8። ኤልቲኦ-6 የመረጠ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ዋጋው ሲወርድ አንድ የተፈተነ ኤልቲኦ-7 ድራይቭ ቢገዛ የድሮውን ያነባል፣ አዲሱን ወደ 6 ቴራባይት ካሴት ይጽፋል፣ ካርዱና ኬብሉም ብዙ ጊዜ ያው ይሆናሉ። ለዚያ ግዢ ከአሁኑ ጥቂት ጥቂት አስቀምጡ፤ እስከዚያው ደግሞ በየዓመቱ ከመደርደሪያው አንድ ካሴት አውጥታችሁ ሙሉውን ወደ ባዶ ዲስክ መልሱት፣ ፋይሎቹንም በሚጻፉበት ቀን ከመዘገባችሁት የሻ-256 ቁጥር (ፋይሉ አለመለወጡን የሚያሳይ፣ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ጋር አስተያዩ።